የአባቴን የክርስትና ስም ያጣን ቀን

ቄሱ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነበር። «የክርስትና ስሙን ንገሩኝ።»

አራት ልጆች ነን። አራታችንም እዚያው ቆመናል። አንዳችንም አላወቅነውም።

አባባ ያረፈው በግንቦት 2014 ዓ.ም.፣ አንድ ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል ነው። ቀብሩ የዚያኑ ዕለት ለ9 ሰዓት ተቆረጠ። ኦርቶዶክስ የሆነ እንደሚያውቀው ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስም ነው። ዕድሜ ልኩን በመዝገብ፣ በደመወዝ ወረቀት፣ በሰፈር የተጠራበት ስም እዚያ ቦታ አይሠራም። እማዬ ታውቀዋለች። ግን በዚያ ሰዓት የራሷን ስም ብትጠየቅም የምትመልስ አልነበረችም። «ወልደ… ወልደ…» ትልና ለቅሶ ያንቃታል። የንስሐ አባቱ ካረፉ ዓመት አልፏል፤ ሌላ ሳይዝ በሽታው ቀደመው። አክስቴ አንድ ስም ጠራች። የእማዬ ወንድም «የለም፣ እሱ አይደለም» ብሎ ሌላ ጠራ። እህቱ ታውቃለች ብለን የአክስቴን ሰጠን።

በኋላ እንደታየው አክስቴ የጠራችው የሌላ ወንድማቸውን ስም ነው።

ይሄን የምጽፈው ከዚያ ቀን እስከ አርባው ድረስ ምን እንደተበላሸብንና እንዴት እንዳስተካከልነው ለመንገር ነው። አባታችሁ ወይም እናታችሁ በሕይወት ካሉ፣ እኛ ለቅሶ ላይ ሆነን የፈለግነውን እናንተ ቡና እየጠጣችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

የሕይወት ታሪኩን የጻፍነው አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ነው። የእድራችን ጸሐፊ ቅን ሰው ናቸው። ጭንቀታችንን ሲያዩ ከወር በፊት ለሌላ ሟች የተነበበ ወረቀት አምጥተው «በዚህ መልክ ሙሉት» አሉን። ሞላነው። ስም ቀየርን፣ ዓመት ቀየርን፣ የልጆች ቁጥር ቀየርን። ታናሽ ወንድሜ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆሞ ሲያነብ «በተሰማሩበት የንግድ ሥራም ምስጉን ነበሩ» የሚለው ላይ ደረሰ። ድምፁ ተደናቀፈ። ቀና ብሎ አየንና ቀጠለ።

አባባ 38 ዓመት ያስተማረ መምህር ነው። ንግድ በዞረበት አልዞረም። ቲማቲም ሲገዛ እንኳን ስለሚታለል እማዬ ገበያ አትልከውም ነበር።

ሌላም ነገር ነበር። ቤት ውስጥ አባባን «አንተ» ነው የምንለው። ወረቀቱ ላይ ግን «ተወለዱ፣ ተማሩ፣ አገለገሉ፣ አረፉ» ሆነ። ወጉ እንደዚያ ነው፣ ክብሩም ይገባዋል። እኔ ግን ስሰማው የማላውቀው ሽማግሌ የሚቀበር መሰለኝ። «ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ» ተባለ። ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ ጎረቤቷን «ማንን ነው የሚሉት?» ብላ ስትጠይቅ ሰማሁ። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይሄ ነው። ከሌላ ሰው የሕይወት ታሪክ አትገልብጡ። ጊዜ ከሌላችሁ አምስት መስመር ይበቃል። እውነት የሆነ አምስት መስመር።

ሠልስቱ ሐሙስ ወጣ። ማታ ሰው ቀለል ሲል እማዬ «ዳዊቱን አምጡልኝ» አለች። የአባባ ዳዊት ከማኅደሩ ጋር ሁልጊዜ ራስጌው ግድግዳ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። እኛ ልጆቹ እንድንነካው አይፈቀድልንም ነበር፤ አድገንም አልነካነውም። ጥራዙ ላልቶ በፕላስተር ተለጣጥፏል። ጠርዙ በጣት ብዛት ጠቁሯል። እህቴ አውጥታ ለእማዬ ልትሰጣት ስትል ከኋላ ተከፈተ።

ባዶ ወረቀት የነበሩት የመጨረሻ ገጾች ሙሉ ናቸው። በአባባ የሰሌዳ ጽሑፍ፣ በዚያ ለአንደኛ ክፍል ልጆች በሚጽፍበት ፊደል። የእያንዳንዳችን የተወለድንበት ቀንና ሰዓት፣ ክርስትና የተነሳንበት ቀን፣ የክርስትና ስማችን፣ ክርስትና ያነሳን ሰው። የኔን ቀን ቆጠርኩት። ልክ 80 ነው። የወንድሞቼ 40። ከሁላችንም በላይ ደግሞ የመጀመሪያው መስመር ላይ የራሱ ስም ተጽፏል። እማዬ «ወልደ…» ማለቷ ልክ ነበረች።

ከአልጋው አንድ ክንድ በማይርቅ ቦታ ተንጠልጥሎ ነበር። እኛ ዘመድ ለዘመድ ስንደዋወል።

በማግስቱ ጠዋት ከእህቴ ጋር ወደ ቄሱ ሄድን። ይቆጡናል ብዬ ፈርቼ ነበር። ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡት። «ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ሰውየውን ያውቀዋል። ለአርባው በራሱ ስም እንጠራዋለን» አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው «የእናታችሁንስ ታውቃላችሁ?» ብለው ጠየቁን።

አናውቅም ነበር።

ያን ሰሞን ዳዊቱን ገጽ በገጽ አየሁት። አባባ እንደ ሥርዓቱ በየዕለቱ ከፋፍሎ ነው የሚደግመው። ሰኞ የመጀመሪያዎቹ 30 መዝሙራት ናቸው። በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ገጽ ከዳር እስከ ዳር በእርሳስ ተሞነጫጭሯል። ክብ ክብ፣ የትንሽ ልጅ እጅ። ከሥሩ አባባ በእስክሪብቶ የታላቅ ወንድሜን ስም ጽፎ «ሰኞ ጠዋት፣ ጥር 1973» ብሎበታል። ሊደመስሰው አልሞከረም። እኛን እንዳንነካ የከለከለን መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሲደግም እርሳሱን የሰጠው እሱ ራሱ ሳይሆን አይቀርም።

ያን ገጽ ካየሁ በኋላ ነው ለአርባው ሌላ እንጻፍ ያልኩት። ወንድሞቼ መጀመሪያ አልተዋጠላቸውም። «ከተቀበረ በኋላ ምን ያደርጋል?» አሉ። እማዬ ናት የፈረደችው። «የነጋዴውን ታሪክ ሰምታችሁ ልትቀመጡ ነው?» አለች። ሠልስቱ ካለፈ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅን።

መጀመሪያ ዕድሜውን ማስተካከል ነበረብን። መታወቂያው የተወለደው በ1938 ነው ይላል፤ እኛም እሱኑ አንብበናል። አክስቴ ወረቀቱን ስትሰማ ዝም ብላ ነበር። በኋላ «እኔ የ1937 ነኝ። ታላቄ እንዴት ከኔ በኋላ ይወለዳል?» አለችን። ድሮ ቅጽ የሚሞላ ሰው በግምት ነው የሚሞላው። አንዱ ይጨምራል፣ አንዱ ይቀንሳል። አሮጌ ሰው «በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለዱ?» ተብሎ ቢጠየቅ የመታወቂያውን ነው የሚነግራችሁ። በሚታወቅ ነገር ጠይቁት። ጣልያን ሲወጣ ተወልደህ ነበር? የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ የት ነበርክ? ዘመቻ ሲታወጅ ልጅ ነበረህ? አክስቴ «ጣልያን በወጣ በዓመቱ ነው ይባላል» አለች። ጣልያን የወጣው በ1933 ነው፤ ስለዚህ 1934። አባባም የ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ሲነሳ ደብረ ብርሃን የመምህራን ማሠልጠኛ እንደነበር ደጋግሞ ይነግረን ነበር። በ1938 ቢወለድ ኖሮ ያኔ ገና 15 ዓመቱ ነው። አይገጥምም። በ1934 ከሆነ 19፤ ይገጥማል።

ውጭ አገር ዘመድ ካላችሁ ደግሞ የዓመት ቅየራውን ለአንድ ሰው ብቻ ስጡት። የአክስቴ ልጅ ለጓደኞቿ ባሰራጨችው የሐዘን መልእክት ላይ ልደቱ በእኛ፣ ሞቱ በፈረንጅ ሆኖ አባባ የ88 ዓመት ሽማግሌ ሆነ። ከመስከረም ጀምሮ ፈረንጆች ዓመት እስኪቀይሩ ልዩነቱ 7 ነው፤ ከዚያ በኋላ 8። ቀላል ነገር ነው፣ ለቅሶ ላይ ግን ቀላል ነገር የለም።

ከዚያ ሰው መጠየቅ ጀመርኩ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አባከንኩ። «አባባ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» እያልኩ ነበር የምጠይቀው። መልሱ አንድ ነው። «ወይ እሱ! እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ ደግ ሰው።» እውነት ነው። ግን የነጋዴውም ወረቀት ይሄንኑ ይላል። አንድ ቀን አብሮት ያስተማረ ጡረተኛ መምህር ቤት ሄጄ፣ ሌላ የምጠይቀው ቢጠፋኝ፣ «አባባ ተናዶ አይተውት ያውቃሉ?» አልኳቸው። ሰውየው መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደኔ ሳብ አደረጉ።

በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገጠር ሲገባ አብረው ተመድበው ነበር። ከተማሪዎቹ መካከል አንድ ቄስ ነበሩበት። ማንበብ ይችላሉ፣ መጻፍ ግን አይችሉም። በድሮው የቤተ ክህነት ትምህርት ይሄ የተለመደ ነው፤ ጽሕፈት ራሱን የቻለ ሙያ ስለሆነ ዳዊት የደገመ ሁሉ እጁ ይጽፋል ማለት አይደለም። ከአስተማሪዎቹ አንዱ ሰሌዳ ፊት አቁሞ በሳቸው ቀለደ። ምእመኖቻቸው ፊት። አባባ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ቄሱን በክንዳቸው ይዞ ወጣ። ክረምቱን ሙሉ፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ በኩራዝ ለብቻቸው አስተማራቸው። ከዚያ አስተማሪ ጋር ግን እስከ መጨረሻው ሰላም አላለውም። «ይሄ እንኳን ጥሩ አልነበረም» አሉ መምህሩ። «ቂም ይይዝ ነበር አባትሽ።»

ከዚያ ወዲያ ጥያቄዬን ቀየርኩ። ምን ያናድደው ነበር? ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ ምን ይነካል? ገንዘብ ሲቸግረው ምን ያደርግ ነበር? መጨረሻ ያየኸው ምን ሲያደርግ ነው? እንዲህ ስትጠይቁ ሰው ከ«ደግ ነበር» ይወጣል።

ጎረቤታችን እትዬ የነገሩኝን እማዬም አታውቀውም ነበር። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ስብሰባ እሁድ ጠዋት ይጠራል፤ ልክ በቅዳሴ ሰዓት። የመንግሥት ሠራተኛ ቀርቶ ቢገኝ ስሙ ይያዛል። ቤተ ክርስቲያን የሚያዘወትር መምህርም ስሙ ይያዛል። አባባ ከሁለቱም ቀርቶ አያውቅም። ሌሊት ሄዶ ኪዳን ያደርሳል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ስብሰባ። «ነጠላው ተጣጥፋ ኮቱ ውስጥ ነበረች» አሉኝ እትዬ። «በደረቱ በኩል እብጥ ብላ ትታየኝ ነበር። እኔም የኔን በቦርሳዬ ይዣለሁ። ተያይተን ዝም።» እኛ አባባ እስከ ሞቱ ሌሊት 10 ሰዓት የሚነሳው እንቅልፍ ስለሌለው ይመስለን ነበር።

እኛም የየራሳችንን አዋጣን። የእህቴ ስለ ጫማ ነው። አባባ ማታ በሩን ከመቆለፉ በፊት ደጃፍ ላይ የተደረደረውን ጫማ ይቆጥራል። የአራታችን ካልሞላ አይተኛም፤ ወንበር ስቦ ይጠብቃል። ታናሽ ወንድሜ ጎረምሳ ሳለ ይሄን አወቀና አሮጌ ጫማ ደጃፍ እየተወ መውጣት ጀመረ። አንድ ሳምንት ሠራለት። ስምንተኛው ቀን ሌሊት ሲመለስ አባባ አሮጌውን ጫማ ጭኑ ላይ አስቀምጦ እያሳመረ ቀለም ሲቀባ አገኘው። ምንም አላለውም። ከዚያ ወዲያ አላመሸም።

ከባዱ የታላቅ ወንድሜ ነገር ነበር። አባባና እሱ ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም። ምክንያቱን እዚህ አልዘረዝርም፤ የወንድሜ ነው። እህቴ «የሞተ ሰው ነውር አይነሳም» አለች። እኔ ደግሞ ያንን ዘለን ከጻፍን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን ስለምንደብቅ ሌላውንም ማንም አያምነንም አልኩ። ለሦስት ቀን ያህል ተከራከርን። ወንድሜ በመካከል ዝም ብሎ ነው የሚሰማው። ከዚያ ተነስቶ ዳዊቱን አመጣና የመጨረሻውን ገጽ አሳየን። እኔ አይቼው ነበር፣ ግን ዓመቱን አላስተዋልኩም። የወንድሜ የመጀመሪያ ልጅ የተወለደው እነሱ በተኳረፉበት ዓመት ነው። አባባ ክርስትናው ላይ አልተገኘም። ነገር ግን የልጁ የልደት ቀን፣ አርባኛው ቀን፣ የክርስትና ስሙ በአባባ እጅ ተጽፏል። ማንን ልኮ እንደጠየቀ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ያላየውን የልጅ ልጅ በስሙ እየጠራ ሲጸልይለት ነበር ማለት ነው።

ወንድሜ «ጻፉት» አለ። «እኔ አነበዋለሁ።»

በአርባው ከቅዳሴና ከፍትሐቱ መልስ፣ ሰው ድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ አነበበው። ሁለት ገጽ አይሞላም። «አባታችን ቂም ይይዝ ነበር» የሚለው ላይ ሲደርስ አንዳንዱ ሰው ደነገጠ፤ ያ ጡረተኛ መምህር ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ጫማው ጋ ሲደርስ ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። ማንን ነው የሚሉት ያለ ሰው አልነበረም።

ስለ ወረቀት ጉዳይ ባጭሩ ልናገር፤ ሐዘን ላይ ሆናችሁ ማንም አይነግራችሁም። ሞትን በ30 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ አርባው ይለፍና እንሄዳለን ብላችሁ አትቀመጡ። ለጡረታውም፣ ለውርሱም፣ ለባንኩም የሚጠየቀው የሞት ምስክር ወረቀቱ ነው፤ ኮፒውን በብዛት ያዙ። በሕይወት ያለ ወላጅ ካላችሁ ደግሞ መታወቂያውን፣ የጡረታ ደብተሩንና የቤት ካርታውን ጎን ለጎን አስቀምጡና ስሙን ፊደል በፊደል አስተያዩ። የአያቴ ስም አንዱ ላይ በ«ሀ»፣ ሌላው ላይ በ«ኃ» ተጽፎ ስንት ወር እንዳመላለሰን ብነግራችሁ አታምኑኝም።

አንድ የማልመልሰው ጥፋት አለኝ። አባባ ስልክ ሳላነሳ ስቀር የድምፅ መልእክት ይተውልኝ ነበር። «እኔ ነኝ። ደህና ነኝ። አንቺስ? በይ ዘጋሁት።» ይኸው ነው። ሃያ ያህል ነበሩኝ። ስልክ ስቀይር ወደ አዲሱ ሳላዛውር አሮጌውን ሸጥኩት። ያኔ አባባ በሕይወት ስለነበር ምንም አልመሰለኝም። እናንተ ዛሬውኑ አዛውሩት።

ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት እማዬ ዘንድ ሄድኩ። ደብተርና ስልኬን ይዤ። የክርስትና ስሟን መጀመሪያ ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ፣ ጻፍኩት። ከዚያ መቅጃውን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ምንድን ነው እሱ? ልሞት ነው እንዴ?» አለች።

«አባባን መጀመሪያ ያየሽው የት ነው?»

ጀበናውን እሳቱ ላይ መለስ አድርጋ ተቀመጠች። አየችኝ፣ ስልኩንም አየችው።

«እሱን መጀመሪያ አጥፊው» አለችኝ።

አጠፋሁት።